የታጎር ጉዞዎችና የአገር ፍቅር ጥያቄ

የአገር ፍቅር ከእውነትና ከሌላው ሰው ሕይወት በላይ መቀመጥ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በብዙ ሃይማኖትና ፍልስፍና ውስጥ ተነሥቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን እንደ ቤንጋሉ ባለቅኔ እንደ ራቢንድራናት ታጎር (1861–1941) ጥያቄውን ይዞ ከአገር አገር የዞረ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ታጎር በ1913 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አገኘ (ዓመቱም፣ ወሩም፣ ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፤ ከአውሮፓ ውጭ ላለ ጸሐፊ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ጃፓንን፣ አሜሪካን፣ አውሮፓን፣ ቻይናን፣ ደቡብ አሜሪካን፣ ሶቭየት ኅብረትን፣ ኢራንንና ኢራቅን አየ። በየሄደበት የሚጠራው እንደ ምሥራቅ ጠቢብ ነው፤ ጋባዦቹ ስለ ነፍስ ረጋ ያለ ንግግር ይጠብቃሉ። እርሱ ግን ደጋግሞ የሚያነሣው ጋባዦቹ ሊሰሙት የማይወዱትን ጉዳይ ነበር።

ሐሳቡ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ምዕራቡ ዓለም ለእስያ ካስተላለፋቸው ነገሮች ሁሉ ሥር የሰደደው ኮትና ሱሪው ወይም ባቡሩ ሳይሆን የአገር ፍቅር የያዘው አዲስ መልክ ነው። አገሬው ለኖረበት መንደር፣ ለቋንቋውና ለዘመዱ የነበረው ፍቅር በመንግሥት እጅ ገብቶ፣ በጦርና በንግድ ተደራጅቶ፣ ለሌላው ሕዝብ ማስፈራሪያ ሆነ። ስለዚህ ፈረንጅን አምርሮ የሚጠላው አርበኛ ሳያውቀው የፈረንጅ ደቀ መዝሙር ሊሆን ይችላል። ታጎር በዚህ ፍርዱ ትክክል ነበር። ፍርዱን ተከትሎ ለሚመጣው ጥያቄ፣ ማለትም ይህ መሣሪያ የሌለው ሕዝብ መሣሪያው ካለው ራሱን እንዴት ይጠብቅ ለሚለው የሰጠው መልስ ግን እጅግ የሳሳ ነው።

ታጎር እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰው የአገር ፍቅርን ከዳር ቆሞ በማየት አልነበረም። የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን በ1905 ቤንጋልን ለሁለት ሲከፍል፣ የእንግሊዝን ሸቀጥ ትቶ የአገርን ምርት ብቻ ለመጠቀም ስዋዴሺ የተባለ እንቅስቃሴ ተነሣ። ታጎር ከፊት ቆመ። ክፍፍሉ በጸናበት ዕለት፣ ጥቅምት 16፣ ሂንዱና ሙስሊሙ አንዱ በሌላው እጅ ላይ የወንድማማችነት ክር እንዲያስር ጥሪ አደረገ፤ ራሱም ካልካታ ጎዳና ላይ ወጥቶ ላገኘው ሰው ክር አሰረ። በዚያ ሰሞን የደረሳቸው መዝሙሮች በሰልፈኛው አፍ ገቡ። ከነዚያ አንዱ ዛሬ የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙር ሲሆን፣ በ1911 መጨረሻ ካልካታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው ሌላ ድርሰቱ የሕንድ ሆኗል። ብሔርተኝነትን ያወገዘ ሰው የሁለት አገር መዝሙር ደራሲ መሆኑ እንደ ተቃርኖ ይጠቀሳል። ይሁንና መዝሙሮቹ ሲጻፉ ሁለቱም መንግሥታት አልነበሩም፤ የምድር ፍቅርና የመንግሥት አምልኮ ደግሞ ለታጎር አንድ ሆነው አያውቁም።

ከእንቅስቃሴው የወጣው ሁለት ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነው። ምክንያቱ የገበያ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። የእንግሊዝ ጨርቅ ርካሽ ነው፤ የአገር ውስጡ ውድ ነው። ከውጭ የመጣውን እንዳትገዛ፣ እንዳትሸጥ የሚባለው ደሃ ገበሬና ቸርቻሪ በምሥራቅ ቤንጋል በብዛት ሙስሊም ነበር፤ የሚከለክሉት የመሬት ባለቤቶችና ተማሪዎች ደግሞ በብዛት ሂንዱዎች ነበሩ። ያልታዘዘው ሸቀጡ ይቃጠልበታል። በ1906 እና በ1907 በሁለቱ ሃይማኖት ተከታዮች መካከል ሁከት ተነሣ። አገርን አንድ ለማድረግ የተጀመረው ነገር አገሬውን ለሁለት ሲከፍለው ታጎር ወደ ሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። በ1908 በጻፈው ደብዳቤ ላይ የአገር ፍቅር የነፍስ የመጨረሻ ማረፊያ ሊሆን እንደማይችል፣ የእርሱ መጠጊያ የሰው ልጅ እንደሆነ ገለጸ።

ይህ ልምድ በ1916 በታተመው «ቤትና ዓለም» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ኒኪል የተባለው ባለርስት አገሩን ይወዳል፤ ነገር ግን በገበያው ውስጥ የውጭ ሸቀጥ እንዲከለከል አይፈቅድም፤ እዳው የሚያርፈው በደሃው ላይ ነውና። ጓደኛው ሳንዲፕ ንግግር አዋቂ ነው። አገርን እንደ አምላክ ያስመልካል፤ ለአገር ከሆነ ስርቆትም ውሸትም ይፈቀዳል ባይ ነው። የኒኪል ሚስት ቢማላ በሁለቱ መካከል ትወድቃለች። የሃንጋሪው ፈላስፋ ጌኦርግ ሉካች በ1922 መጽሐፉን የእንግሊዝን ገዢነት የሚያገለግል ርካሽ ጽሑፍ ብሎ አብጠለጠለው። ሉካች ቤንጋልን አያውቅም፤ ሳንዲፕ በጋንዲ ላይ የተሣለ ነው ብሎ መገመቱም ስሕተት ነበር። ልብ ወለዱ ሲጻፍ ጋንዲ ገና የሕንድ ሕዝብ መሪ አልነበረም።

በግንቦት 1916 ታጎር ቶሳ ማሩ በተባለች የጃፓን መርከብ ከካልካታ ተነሣ። ከእርሱ ጋር እንግሊዛውያኑ ቻርልስ አንድሩስና ዊሊ ፒርሰን እንዲሁም ወጣቱ ሠዓሊ ሙኩል ዴ ነበሩ። መርከቧ በራንጉን፣ በፔናንግ፣ በሲንጋፖርና በሆንግ ኮንግ እየቆመች ሄደች። ሆንግ ኮንግ ላይ የቻይና ወዛደሮች ጭነት ሲያወጡና ሲያወርዱ ቆሞ ተመለከተ። የሰውነታቸው ጥንካሬና የሥራቸው ምት አስደነቀው፤ ይህ ጉልበት የዘመኑን መሣሪያ የጨበጠ ዕለት የሚያቆመው እንደማይኖር ጻፈ። ትንቢቱ እንዴት እንደደረሰ የዛሬ አንባቢ ያውቃል።

እዚያው ወደብ ላይ ያየው ሌላ ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ለጉዳዩ ይቀርባል። አንድ የፑንጃብ ሲክ ፖሊስ በረባ ባልረባው አንድ ቻይናዊ ወዛደር በሹሩባው ጎትቶ በእርግጫ ሲመታው አየ። ይህን በኋላ በ1920ዎቹ ጽፎታል። ፖሊሱ ሕንዳዊ ነው፤ ተመቺው ቻይናዊ ነው፤ ከተማዋ የእንግሊዝ ናት። በቦታው ፈረንጅ መኖር እንኳ አላስፈለገም። ታጎርን ያንገበገበው የአገሩ ሰው ራሱ ባሪያ ሆኖ ሳለ ሌላውን ባሪያ በጌታው ስም መግረፉ፣ ይህንንም ያለ አንዳች ቅያሜ፣ ደመወዝ እንደሚበላበት እንደማንኛውም ሥራ ማድረጉ ነበር። ስለ ምዕራብ ተጽዕኖ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ልብስ፣ ስለ ፊልምና ስለ ቋንቋ ነው። በዚያ ወደብ ላይ የታየው ተጽዕኖ ከነዚህ ሁሉ ይከብዳል። ፖሊሱ ጥምጥሙን አላወለቀም፤ ሃይማኖቱን አልቀየረም፤ ከውጭ ሲያዩት ባህሉን የጠበቀ ሰው ነው። የተለወጠው ሰውን የሚያይበት ዓይን ነው።

ቶሳ ማሩ በወሩ መጨረሻ ኮቤ ደረሰች። አቀባበሉ የንጉሥ አቀባበል ነበር። ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ በሕዝብ ተጨናነቀ፤ በኡዌኖው የካንኤይጂ ቤተ መቅደስ በተደረገለት ግብዣ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦኩማ ሺጌኖቡ ሳይቀሩ ተገኙ። ሃራ ቶሚታሮ የተባለው የሐር ነጋዴ ዮኮሃማ በሚገኘው ሳንኬይኤን በተባለው የአትክልት ስፍራው አሳረፈው። ታጎር ጃፓንን ከልቡ ወደዳት። ቁጥብነታቸውን፣ አበባ አደራደራቸውን፣ በሦስት ስንኝ የሚያልቀውን ግጥማቸውን አደነቀ። መንገድ ላይ የተጋጩ ሰዎች ሳይሰዳደቡ ልብሳቸውን አራግፈው ሲሄዱ ማየት ለካልካታ ሰው ትንግርት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰውም ሳይገረም የሚያልፈው አይመስልም።

ጃፓን በ1895 ቻይናን፣ በ1905 ሩሲያን ድል ነሥታ ነበር። የሩሲያ መሸነፍ በመላው እስያ የደስታ ስሜት ፈጥሮ ነበር፤ ታጎርም ከተደሰቱት አንዱ ነው። በ1916 ግን ሌላው ዓለም የሚያደንቀውን ነገር እርሱ ፈራው። ሰኔ 11 ቀን በቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ደግሞ በኬኦ ዩኒቨርሲቲ ባደረጋቸው ንግግሮች ሁለት ነገሮችን ለየ። አንደኛው የምዕራቡ መንፈስ ነው፦ ሳይንሱ፣ ሥነ ጽሑፉ፣ የሕግ እኩልነቱ፣ ሰው በሕሊናው ነጻ መሆኑ። ይህ የሰው ዘር ሁሉ ሀብት ስለሆነ ማንም ሊወስደው ይገባል። ሁለተኛው የምዕራቡ ብሔር ነው። ታጎር ብሔር ሲል ቋንቋና ባህል የሚጋራን ሕዝብ ሳይሆን ለፖለቲካና ለኢኮኖሚ ጥቅም እንደ መኪና የተገጣጠመን ድርጅት ማለቱ ነው። ይህ ድርጅት የሚኖረው ጎረቤቱን በመጠራጠር ነው፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ስለሚያደርግ ፍርሃቱ ማብቂያ የለውም። በዚያ ሰዓት አውሮፓ ቬርደን ላይ እየታረደች ስለነበር ማስረጃ ፍለጋ መሄድ አላስፈለገውም። ጃፓን ከምዕራቡ ሳይንሱን ወስዳ ብትቆም መልካም ነበር፤ የምትወስደው ግን ጨካኝነቱን ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ ቀን በራሷ ላይ ይመጣል አለ።

ጋዜጦቹ ቀዘቀዙ። የተሸነፈ አገር ባለቅኔ ስለ ሽንፈት ቢያመሰጥር ምን ይገርማል የሚል ሐሳብ በጃፓን ጸሐፊዎች ዘንድ ተሰማ። ሲሄድ የነበረው ሽኚ ከተቀባዩ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ትችቱ ጨካኝ ነው፤ ነገር ግን ባዶ አይደለም፤ በኋላ ልንመለስበት ያሻል።

ከጃፓን ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከአንድ የንግግር ድርጅት ጋር ተዋውሎ ስለነበር ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የገንዘብንና የብሔርን አምልኮ ለከፈሉ አድማጮች ያወግዝ ነበር። ነገሩ ራሱን ሳያስቅ አይቀርም። ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ የገዛ አገሩ አብዮተኞች ሊገድሉት አስበዋል የሚል ወሬ ተነሥቶ በጥበቃ ስር ዋለ። የእንግሊዝ ደጋፊ አድርገው ያዩት ነበር፤ የእንግሊዝ ሰላዮች ደግሞ በተራቸው በእርሱ ላይ ዓይናቸውን ጥለው ነበር። ንግግሮቹ «ብሔርተኝነት» በሚል ርዕስ በ1917 በመጽሐፍ ወጡ። በ1919 የእንግሊዝ ጦር አምሪትሳር ውስጥ በጃሊያንዋላ ባግ ያልታጠቀ ሕዝብ ሲፈጅ ታጎር ከአራት ዓመት በፊት ከንጉሡ የተቀበለውን የ«ሰር» ማዕረግ መለሰ። የአገር ፍቅር የለውም ያሉትን ሁሉ ለጊዜው ዝም ያሰኘ ነገር ነበር።

የሐሳቡ መሠረት ፖለቲካ አይደለም፤ ሃይማኖት ነው። አባቱ ደበንድራናት በወጣትነታቸው ከአንድ መጽሐፍ የተቀደደ ገጽ እጃቸው ገብቶ ሕይወታቸው እንደተለወጠ ይተረካል። ገጹ ኢሻ ከተባለው ኡፓኒሻድ፣ ከሂንዱ ቅዱሳት ጽሑፎች አንዱ፣ የወጣ ነበር። አባትየው በኋላ ጣዖትን ትቶ አንድ አምላክን የሚያመልከውን የብራህሞ ሳማጅ ማኅበር መሩ። ልጁ ያደገው በዚህ ትምህርት ነው፦ ፍጥረትን ሁሉ በራሱ ውስጥ፣ ራሱንም በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚያይ ሰው ማንንም አይጠላም። ከዚህ የተነሣ ኃጢአት ለታጎር መለየት ነው፤ ነፍስ የራሷን ድንበር አጥራ ከድንበሩ ወዲያ ያለውን እንደ ዕቃ ስትቆጥረው ነው። ብሔርም ይህንኑ ያደርጋል፤ የከፋ የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻውን ሲበድል ሕሊናው ሲወቅሰው፣ በብሔሩ ስም ሲበድል ግን መሸለሙ ነው። ለራሱ ብሎ ከጎረቤቱ በግ የማይሰርቅ ሰው ለአገሩ ሲል የሌላውን አገር ይዘርፋል፤ አደባባይም በስሙ ይሰየምለታል።

ሌቭ ቶልስቶይ በ1894 «ክርስትናና የአገር ፍቅር» በተሰኘው ጽሑፉ ሩሲያና ፈረንሳይ ለወዳጅነታቸው የደገሱትን ሽር ጉድ መነሻ አድርጎ ተመሳሳይ ነገር ተናግሮ ነበር። ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ቶልስቶይ የሚነሣው ከወንጌል ትእዛዝ ነው፤ ክፉን በክፉ አትመልስ ተብሏልና መንግሥት የሚባለው ነገር ከነሥሩ ይጣል ይላል። ታጎር ትእዛዝ አይጠቅስም፤ መንግሥትንም ሙሉ ለሙሉ አይጥልም፤ የሚለው መንግሥት ከማኅበረሰቡ ሕይወት አንድ ክፍል እንጂ ሁሉም ነገር አይሁን ነው። በ1904 በጻፈው «ስዋዴሺ ሳማጅ» የሕንድ ታሪክ የነገሥታት ሳይሆን የመንደሮች ታሪክ ነው ብሎ ነበር። ከላይ ንጉሥ ይለዋወጣል፤ ከታች ኩሬው ይቆፈራል፣ ትምህርት ቤቱ ይሠራል፣ ድሃው ይጦራል። ይህ ሥዕል ያማረው ከባለርስት ቤት መስኮት ሆኖ ስለታየ ነው። «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን የተወለደው አምበድካር በ1948 በሕንድ ሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ ስለዚያው መንደር የተናገረው የጠባብነትና የድንቁርና ጎሬ መሆኑን ነበር። ታጎርም ሰውን በትውልዱ የሚከፋፍለውን የካስትን ነገር አልሸፋፈነውም፤ አብሮት የሚኖረውን ሰው መንካት የሚጠየፍ ሕዝብ ፖለቲካዊ ነጻነት ቢያገኝ ምን ሊያደርግበት ነው ብሎ በዚያው በ1917ቱ መጽሐፍ ጠይቋል። የሕንድ ችግር ከፖለቲካ ይልቅ የማኅበራዊ ኑሮ ነው የሚለው ፍርዱ በአገሩ አርበኞች ዘንድ ከሁሉ የከፋ ጠላት አበጀለት።

ከጋንዲ ጋር የነበረው ክርክር ይህን ሁሉ አጠራው። በ1921 ጋንዲ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች እንዲተዉ፣ የውጭ ጨርቅ እንዲቃጠል፣ እያንዳንዱ ሰው እንዝርት ይዞ እንዲፈትል ሲያዝዝ ታጎር «የእውነት ጥሪ» በሚል ጽሑፍ ተቃወመ። ጨርቁ መቃጠል ያለበት ርኩስ ስለሆነ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ኢኮኖሚን በርኩሰት ቋንቋ ማስላት ሕዝቡን ከማሰብ ያሰናብተዋል አለ፤ የሚቃጠለውም ጨርቅ ራቁቱን ላለው ሰው የሚገባ ነው። ጋንዲ ታጎርን ታላቁ ዘብ ብሎ አክብሮ መለሰለት፤ መልሱ ግን የሚያመች አልነበረም። ለተራበ ሰው እግዚአብሔር የሚገለጥለት በሥራና በእንጀራ ነው፤ ባለቅኔውም እንደሌላው ይፍተል፤ የውጭ ጨርቁን ሲያቃጥል የሚያቃጥለው ኀፍረቱን ነው። ሁለቱም የምዕራቡን ተጽዕኖ ፈርተዋል፤ ጋንዲ በፋብሪካውና በባቡሩ በኩል ሲያየው፣ ታጎር ብዙ ሕዝብ ሳይጠይቅ አንድ ቃል ተቀብሎ ሲንቀሳቀስ ያየዋል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ታጎር ቪሽቫ ብሃራቲን በሻንቲኒኬታን መረቀ፤ ከቻይናም ከአውሮፓም ሊቃውንት መጥተው አብረው የሚሠሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነበር። መልሱ ያ ነበር፤ እንደ መልስ ሲታይ ትንሽ ነው።

በ1924 የቻይና ጉዞው ያው የጃፓኑ ታሪክ ተገልብጦ ነው። የጋበዙት የቻይናዊው ምሁር የሊያንግ ቺቻው ወገኖች ነበሩ፤ ባለቅኔው ሹ ዢሞ ይተረጉምለታል። ቤጂንግ ውስጥ ተማሪዎች በአዳራሹ የተቃውሞ ወረቀት በተኑ። የጥንቱን ሥልጣኔ ጠግበነዋል፤ እጃችንን ያሰረውም እርሱ ነው፤ የሚያስፈልገን ሳይንስና ጠንካራ መንግሥት ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ጃፓን በ1915 በቻይና ላይ 21 ጥያቄዎች ጭና ነበርና ወጣቶቹ የሚናገሩት ከመጽሐፍ አንብበው አልነበረም። ታጎር ቀሪ ንግግሮቹን አሳጠረ።

የጣሊያኑ ጉዳይ አሳፋሪ ነው፤ የታጎር አድናቂዎችም ቶሎ ያልፉታል። ሙሶሊኒ በ1925 ለትምህርት ቤቱ መጻሕፍትና ሁለት ሊቃውንት ላከ፤ በ1926 ደግሞ ታጎርን ራሱን ጋበዘው። የብሔር አምልኮ ዋነኛ ከሳሽ ሮማ ገብቶ ከሙሶሊኒ ጋር ተገናኘ፤ ስለ ሰውየው ጉልበት የአድናቆት ቃል ተናገረ፤ የፋሺስቱ ጋዜጦችም እያጋነኑ አተሙት። የፋሺስቶች ተቃዋሚ የነበረው ማቴዎቲ ከተገደለ ሁለት ዓመት ብቻ ሆኖታል። ስዊዘርላንድ ሲደርስ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮሜን ሮላንና ከጣሊያን የተሰደዱ ሰዎች እውነቱን ነገሩት፤ ታጎርም በማንቸስተር ጋርዲያን ላይ ፋሺዝምን የሚያወግዝ ደብዳቤ አወጣ። ሰውየው ብሔርን በሐሳብ ደረጃ አጥርቶ ያውቀዋል፤ አንድ ጮሌ ገዢ በአክብሮት ሲቀበለው ግን ሊያውቀው አልቻለም። በተጓዥነት የሚገኝ እውቀት ይህ ጉድለት አለበት፤ ተጓዡ የሚያየው ጋባዡ የሚያሳየውን ነው።

በ1932 የኢራኑን ጉብኝት የጀመረው በአውሮፕላን ነው፤ ሰባ ዓመቱ ገደማ ነበር። ስለዚያ በረራ በማስታወሻው የጻፈው ከንግግሮቹ ሁሉ ይልቅ የሚቆረቁር ነው። አውሮፕላኑ ሲወጣ ምድር በስሜት ሕዋሳት የምትታወቅበትን ነገር አንድ በአንድ አጣች፤ በስተመጨረሻ የቀረው ጠፍጣፋ ካርታ ነበር። ከዚህ ከፍታ ሆኖ ቦምብ የሚጥል ሰው የሚገድለውን አያይም፤ ስላላየውም እጁ አይንቀጠቀጥም። ኢራቅ ሲደርስ ባግዳድ የሰፈረው የእንግሊዝ አየር ኃይል ቄስ፣ አውሮፕላኖቹ በየጊዜው የአንዳንድ የሼኮችን መንደሮች እንደሚደበድቡ ነገረው። ታጎር ይህንን ከፍ ካለ ፍልስፍና ጋር አያያዘው። የገዛ አገሩ ቅዱስ መጽሐፍ ጊታ፣ ነፍስ አትሞትምና አይዞህ ተዋጋ ብሎ ጦረኛውን አርጁናን የሚያደፋፍርበት ትምህርትም ልክ እንደዚህ አውሮፕላን ከፍታ ይዞ ከሥቃዩ የሚያርቅ መሆኑን ጻፈ። ለሂንዱ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሰው ማራቅ የምዕራቡ ፈጠራ ብቻ አለመሆኑን፣ ምሥራቁም የራሱ አውሮፕላን እንዳለው ማመኑ ነው፤ ከ1916ቱ ንግግሮች ይልቅ በዚህ ገጽ ላይ ሐሳቡ ይጠልቃል። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የኢትዮጵያ ገበሬዎችና ወታደሮች ይህንኑ ነገር ከታች ሆነው አዩት፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ያዘነቡት ቦምብ ብቻ አልነበረም፤ የሰናፍጭ ጋዝም ነበረበት።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር ወደ ጃፓን የሄደ ሌላ ተጓዥ መጥቀስ ይገባል። የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መገባደጃ ጃፓንን ጎብኝተው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው አወጡት። ርዕሱ ሁሉን ይናገራል። ታጎር አደጋ ያየበት አገር ለኅሩይ የብርሃን ማደሪያ ነው። ሁለቱም አገሮች ጥንታዊ ዘውድ አላቸው፤ ሁለቱም ቅኝ አልተገዙም፤ አንደኛዋ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከታላላቅ መንግሥታት ተርታ ገብታለች። ሌላዋስ ለምን አትገባም? በዚያው ዓመት የታወጀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ራሱ፣ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ሲያዘጋጁት፣ የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ነበር። ከርሳቸው በፊትም ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን ምሳሌ አንሥተው ነበር።

ኅሩይ ቶኪዮ ሲደርሱ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን ከወረረ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር። በ1936 ደግሞ ጃፓን የጣሊያንን የኢትዮጵያ ወረራ ተቀበለች፤ ጣሊያንም በፈንታዋ የማንቹሪያውን ነገር ተቀበለች። የታጎር ፍርድ በዚህ ላይ ተፈጸመ ማለት ይቻላል፤ ሁለት የብሔር መኪናዎች የሦስተኛና የአራተኛ ሕዝብን አገር ተሰጣጡ። ይሁን እንጂ ኅሩይን የዋህ ናቸው ብሎ ማለፍ ልክ አይሆንም። የ1916 ጃፓኖችና የ1924 የቤጂንግ ተማሪዎች ለታጎር የሰነዘሩት ጥያቄ የኅሩይም ጥያቄ ነው። ጎረቤቱ የተደራጀ ጦር ያለው አገር፣ አንድነቱን በፍቅርና በቅኔ ብቻ ይዞ እስከ መቼ ይቆያል? ታጎር ለዚህ ሁለት መልሶች ነበሩት፤ አንደኛው መንደርን መልሶ ማቋቋም፣ ሁለተኛው ሕዝቦች በትምህርት እንዲገናኙ ማድረግ። ሁለቱም የሚፈልጉት ጊዜ ነው፤ ወራሪ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ኢትዮጵያ በ1935 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ነበረች፤ ሕግም ወዳጅነትም ከጎኗ ነበሩ፤ ያጣችው አውሮፕላንና የጋዝ መከላከያ ነው። ታጎር በየካቲት 1937 በቤንጋልኛ «አፍሪካ» የተሰኘ ግጥም ጽፎ የሠለጠነ ነኝ የሚለውን ዓለም ከሰሰ፤ ይህን ሲያደርግ እንኳ ተጠቂው በምን ራሱን ይከላከል ለሚለው የጨመረው ነገር የለም።

የታጎር መልስ ግን በሌላ በኩል ዋጋ አለው። በ1938 የጃፓኑ ባለቅኔ ዮኔ ኖጉቺ፣ የድሮ ወዳጁ፣ የቻይናው ጦርነት እስያን ለማደስ የማይቀር መሥዋዕትነት ነው ብሎ ጻፈለት። ታጎር በምድሪቱ ላይ የሬሳ ክምር እየሠሩ የእስያን ትንሣኤ ማወጅ እንደማይቻል መለሰ፤ ደብዳቤውንም የጨረሰው ለሚወደው የጃፓን ሕዝብ ድልን ሳይሆን ጸጸትን በመመኘት ነው። ኖጉቺ እንደ ሳንዲፕ ነበር፤ የምዕራቡን ገዢነት እየተቃወመ የምዕራቡን ሥራ ሲሠራ ይህ ከእስያ የመጣ እስያዊ ነገር ነው ይላል። በመሣሪያ የዳነ ሕዝብ መሣሪያውን መልሶ የሚያስቀምጥበት ልክ ከሌለው የዳነው ምኑ እንደሆነ አይታወቅም፤ ታጎር የሚፈልገው ያንን ልክ ነው። ይህ ልክ ከብሔሩ ውስጥ ሊመጣ አይችልም፤ ብሔር ራሱን አይከስስምና። ከሃይማኖት፣ ከጥበብ፣ ወይም ከአንድ ሰው ሕሊና መምጣት አለበት።

በሚያዝያ 1941፣ ሰማንያ ዓመቱ ሲሞላ፣ «የሥልጣኔ ቀውስ» የተሰኘውን የመጨረሻ ንግግሩን አዘጋጀ። በወጣትነቱ በእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍና ለፍትሕ በቆሙ እንግሊዛውያን ላይ የነበረውን እምነት ዘረዘረ፤ ከዚያ ሕንድ በሁለት መቶ ዓመት ገደማ ገዢነት ውስጥ የተተወችበትን ረሃብና መሃይምነት አሳየ። ለማነጻጸሪያ ያቀረባቸው አገሮች ግን የሚያስገርሙ ናቸው። የራሷን ዕድል በራሷ እጅ የያዘችው ሩሲያ ሕዝቧን አስተማረች፤ ኢራን ከአውሮፓውያን ሽኩቻ ወጥታ ወደፊት ሄደች፤ ጃፓንም ሀብቷንና እውቀቷን በገዛ አገሯ ለገዛ ሕዝቧ ጥቅም ስታውለው በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ከ25 ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ ቆሞ ያስጠነቀቃት፣ በዚያችው ሰዓት ጦሯ ቻይና ውስጥ ያለች አገር፣ ቅኝ አገዛዝን ለመክሰስ በመጣ ጊዜ የነጻነት ምስክር ሆና ቀረበች። ታጎር ሁለቱን አባባሎች አላስታረቃቸውም፤ በነሐሴ መጀመሪያ ካልካታ በተወለደበት ቤት አረፈ።